እሳቱን ያላየን ሰባት ሰዎች

እንደ ጭስ ያለ ወሬኛ የለም። ጎረቤት ምን እንደጣደ፣ ማን ደረቅ እንጨት አልቆበት እርጥብ እንደማገደ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ለሰፈር ይለፍፋል። እሳት በሌለበት ጭስ አይኖርም የሚባለውም ለዚህ ይመስለኛል። ጭስ የሌለው እሳት ቢመጣስ? እሱን ያሰበበት የለም። እንዲያውም እኛ በዚያ በደርግ ዘመን ጭስ እንወድ ነበር። ናዝሬት፣ የቀበሌያችን ግንብ ላይ የተሳለው ፋብሪካ ሦስት ጭስ ማውጫ ነበረው፤ ሠዓሊው ጭሱን ረስቶት ኖሮ፣ «ፋብሪካው ሥራ ፈትቷል ለማለት ነው?» ተብሎ በሂስ ከተያዘ በኋላ ሰማዩ እስኪጠቁር ድረስ ጨመረበት። አትሳቁበት። እናንተም ብትሆኑ ትጨምሩ ነበር።

ይህን ሁሉ ያስታወሰኝ ሰሞኑን ከሬዲዮ የሰማሁት ነገር ነው። በውጭ አገር ያሉ ሊቃውንት ሚቴን ከሚባለው ጋዝ፣ ካርቦኑን ወደ ሰማይ ሳይለቁ፣ ንጹሕ ሃይድሮጅን ለማውጣት እየደከሙ ነው አሉ። ካርቦኑ ጥቁር ዱቄት ሆኖ ይቀራል። አዲስ ነገር ነው አለ ጋዜጠኛው። ሬዲዮውን ዘጋሁት። እኔ ያንን ጥቁር ዱቄት በመዳፌ ይዤው አውቃለሁ።

ሰውዬው ገመዳ ይባላል። እሱ ኬሚስትሪ፣ እኔ ባዮሎጂ፣ በአንድ ትምህርት ቤት ስናስተምር ኖረናል። የደራ ተወላጅ ነው፤ አማርኛውን ረጋ አድርጎ ነው የሚናገረው፤ ኦሮምኛውን የምሰማው ከሚስቱ ከታደሉ ጋር ሲጫወት ነበር። ታደሉ ደረቷን ያማታል። ሐኪሙ የሚሰጠውን መድኃኒት ሰጥቶ ሲጨርስ «ከጭስ ራቂ» አላት። በእንጨትና በኩበት የምታበስል ሴት ከጭስ ርቃ የት ትደርሳለች? ገመዳ ግን ነገሩን እንደ ፈተና ጥያቄ ተቀበለው። ጓሮው ውስጥ ጉድጓድ ቆፈረ፣ እበት በውሃ በጥብጦ ሞላው፣ በርሜል ደፋበት፣ የሚወጣውንም ጋዝ በጎማ ቱቦ ወጥ ቤት አስገባው። ታደሉ ከስንት ዓመት በኋላ ሳታስል ወጥ ሠራች። ጉድጓዱ ግን እንደ ጥገት ላም ነው፤ በየቀኑ የሚመግበው፣ የሚያማስለው፣ ቱቦው ሲደፈን የሚጠርግለት ሰው ይፈልጋል። ያ ሰው ገመዳ ብቻ ነበር።

እዚያ ላይ ቢበቃው ምን ነበረበት? አልበቃውም። አንድ ቀን ቤቱ ስሄድ፣ ከጋራዥ በለመነው የብረት ብናኝ የሞላው የውሃ ቧንቧ ፍም ላይ አጋድሞ፣ በቀጥቃጭ ወናፍ እያራገበ አገኘሁት። በአንደኛው ጫፍ የእበቱ ጋዝ፣ ያው ሚቴኑ፣ ይገባል።

«እዚህ ጋዝ ውስጥ ካርቦንና ሃይድሮጅን እንደ ባልና ሚስት ተጣብቀው ነው ያሉት» አለኝ። «አየር አስገብተህ ካቃጠልካቸው ካርቦኑ ከአየሩ ጋር ሆኖ ወደ ሰማይ ይበራል። አየር ከልክለህ ብታግላቸው ግን ይፋታሉ። እሱ ቧንቧው ውስጥ ዱቄት ሆኖ ይቀራል፤ እሷ ብቻዋን ትወጣለች። እሷን ብታነዳት የምትተወው ውሃ ነው።»

«ጭስ የሌለው እሳት ፍለጋ ይህን ሁሉ ከሰል?» አልኩት።

«ሕፃንም መጀመሪያ የሚቆመው በሰው እጅ ነው። ኋላ በራሱ ጋዝ አግለዋለሁ።»

ቧንቧው ሲበርድ ከፍቶ ጥቁሩን ዱቄት መዳፌ ላይ አፈሰሰልኝ። ልስልስ ያለ ነበር። «ይሄ ወደ ሰማይ አልሄደም» አለ። ያኔ ስለ ሰማይ የሚጨነቅ ሰው አላውቅም ነበርና ለወጉ ያህል ራሴን ነቀነቅሁ።

እንዲህ እያለን የሰፈራው ጊዜ መጣ። ወደ ምዕራብ፣ ወደ ሰፈራ ጣቢያ የሚላኩ መምህራን ስም ተለጠፈ፤ ገመዳም አለበት። ታደሉን ይዟት እንዳይሄድ ሐኪም የሌለበት አገር ነው፤ ትቷት ቢሄድ ጉድጓዱ ይሞትና ወደ ጭሱ ትመለሳለች። አንዲት ቀዳዳ ብቻ ነበረች። ጠቃሚ ፈጠራ በእጁ ያለ መምህር፣ ሥራው በኮሚቴ ታይቶ ከጸደቀ፣ ከዝርዝሩ ይወጣል ተብሏል። ኮሚቴው ስድስት ሰው ነው። እኔ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነኝ፤ ሰባተኛ።

ገመዳ ዕቃውን የትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ ውስጥ ዘረጋ። ነበልባሉ በብርሃን ስለማይታይ መጋረጃ ዘጋ። ከመለኮሱ በፊት ቧንቧው ውስጥ አየር አለመቅረቱን ለማረጋገጥ በትንሽ ብልቃጥ ጋዝ ቀድቶ ክብሪት አስጠጋበት። ሃይድሮጅን ትንሽ አየር ካገኘ ጷ ይላል። ለተማሪ ደስ የሚል ድምፅ ነው። ነገር ግን በዚያ ዘመን፣ በጨለማ ክፍል ውስጥ፣ ጷ የሚል ነገር ደስ የሚለው ሰው አልነበረም። በር ላይ የቆመው አብዮት ጠባቂ ጠመንጃውን አቀባበለ። የኮሚቴው ሊቀመንበር ጠረጴዛ ሥር ነበሩ። ማንም አልሳቀም፤ እኔም እስከ ዛሬ አልሳቅሁበትም።

ሊቀመንበሩ ጉልበታቸውን አራግፈው ተነሡ። «ጓድ መምህር፣ ይሄ ነገር እውጭ፣ ሜዳ ላይ ይታይ። ያ የሚጮኸው ነገር ደግሞ ሁለተኛ እንዳይደገም።»

ወጣን። የናዝሬትን የቀትር ፀሐይ የሚያውቅ ያውቀዋል። ፍሙ እንደገና ተራገበ፤ ቧንቧው ቀላ፤ ገመዳ ጫፉ ላይ ክብሪት ጫረና እጁን ሰበሰበ። ምንም የለም። ጭስ የለ፣ ነበልባል የለ፤ ከቧንቧው ጫፍ በላይ ያለው የሜዳው አጥር ግን ውሃ ውስጥ እንዳለ ይንቀጠቀጣል።

«የታል እሳቱ?» አሉ ሊቀመንበሩ።

«እየነደደ ነው፣ ጓድ።»

«እኔ አይታየኝም።»

ነገሩ እዚህ ላይ አለቀ። በኛ ዘመን የስብሰባ ሥርዓት ሊቀመንበሩ ያላየውን ተሰብሳቢ አያይም። በተራ፣ ከቀኝ ወደ ግራ፣ አንድ በአንድ «እኔም አይታየኝም» ተባለ። ሁሉም ግን ከቧንቧው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብለው ነበር። ከማይታይ እሳት የሚሸሽ ሰው ያየሁት ያን ቀን ነው።

ተራው እኔ ዘንድ ደረሰ። ሙቀቱ ግንባሬን እየለበለበኝ ነው። ከዚህም የባሰ አንድ ነገር አውቃለሁ። የጨው ብናኝ ቢነሰነስበት ያ ነበልባል በፀሐይም ቢሆን ቢጫ ሆኖ ወለል ይል ነበር። ጨው ደግሞ ቤተ ሙከራው መደርደሪያ ላይ፣ ከመስኮቱ ሥር፣ ጥቂት እርምጃ ርቀት ላይ አለ፤ እኔው ራሴ ነኝ ያስቀመጥኩት። ገመዳ አየኝ። ብዙ አላየኝም፤ አንዴ ብቻ ነው። እኔ ግን ጠመንጃውን አቀባብሎ የቆመውን አብዮት ጠባቂ አየሁ። ከዚያ መሀረቤን አውጥቼ ላቤን ጠረግሁና «ፀሐዩ ከብዷል፤ እኔም አይታየኝም» አልኩ። በቆንጆ እጅ ጽሑፌም «እሳት አልታየም» ብዬ ጻፍኩ። ሰባታችንም ፈረምን።

ገመዳ በሳምንቱ ተጫነ። ታደሉ ጉድጓዱን ለመመገብ ሞከረች፤ በርሜሉን የሚያነሣ ደረት ግን አልነበራትም። አንዳንድ ቅዳሜ እየሄድኩ አማስልላት ነበር፤ ባዮሎጂ አስተማሪ እበት ሲያማስል ማየት ያስቃታል፤ ስትስቅ ያስላታል። ኋላ ስብሰባ በዛብኝ፤ ወይም በዛብኝ አልኩ። ጓሮው ውስጥ ጭስ መውጣት ጀመረ። ሁለተኛው ክረምት ሳያልቅ ቀበርናት፤ ገመዳ የደረሰው ለሠልስቷ ነው። አልቅሼ አልወጣልኝም። ዛሬም አልወጣልኝም።

መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ለእህል ሸመታ አርሲ ነገሌ ወርጄ ገመዳን ስንዴ ተራ አገኘሁት። ጡረታ ወጥቶ እዚያው ከእህቱ ጋር ይኖራል። ተቃቀፍን። «ፈያዳ?» አለኝ በኦሮምኛው፤ ደህና ነኝ አልኩት። ሻይ አዘዝንና ያን ሁሉ ዓመት ደብቄው የኖርኩትን አወጣሁት። ጨው ሆይ ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለበለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል የሚባለው ለእኔ ነው አልኩት። ጨው እንደነበረ፣ የት እንደነበረ፣ እንዳወቅሁ፣ ዝም እንዳልኩ ነገርኩት።

ገመዳ ሻዩን አማሰለ። ብዙ አማሰለው።

«ጨው ኪሴ ውስጥ ነበረ» አለ። «ለእሱ ብዬ በወረቀት ጠቅልዬ ነው የመጣሁት።»

«ታዲያ ለምን…?»

«ሊቀመንበሩ አይታየኝም ካሉ በኋላ ብቻዬን ባሳያቸው እሳቸውን ዋሾ ማድረግ ነው። ጠመንጃውን አንተም አይተኸዋል። አንድ ሰው ከጎኔ እስኪቆም ጠበቅሁ። ታየኝ እንዲል እንኳ አልፈለግሁም፤ ሞቀኝ ቢል ይበቃኝ ነበር። አንተ የመጨረሻው ነበርክ።» ማንኪያውን አስቀመጠና፣ «እኔም ብሆን ብቻዬን መነስነስ ነበረብኝ» አለ። «ለታደሉ ስል።»

የሻዩን ማን እንደከፈለ አላስታውስም። ከዚያ ወዲህ ግን፣ ሰው በተሰበሰበበት ሙቀት በተሰማኝ ቁጥር፣ ቤቱ ቀዝቃዛ ነው ቢባልም እንኳ፣ ሞቀኝ እላለሁ። ሽማግሌው ጃጀ ይላሉ ልጆቹ። ይበሉ።