ከእኔ ቀድሞ የገደፈ ዛፍ

የተማረ ሰው ካልተማረው የሚለየው በምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ያልተማረ ሰው የማያውቀው ነገር ሲገጥመው “ይህ ምንድን ነው?” ብሎ ይጠይቃል። የተማረ ሰው ግን አይጠይቅም... ገዝቶ ቤቱ ያስገባዋል! ይህን የምለው ማንንም ለመስደብ አይደለም። እኔ ራሴ ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ፣ መነጽር ሰክቼ፣ ነቀምት በጠቅላይ ግዛቱ ጽሕፈት ቤት ተቀምጬ ለደብዳቤ ቁጥር የምሰጥ ሰው ስለሆንኩ፣ ስድቡ ዞሮ ዞሮ መጀመሪያ የሚያርፈው እኔው ላይ ነው።

የነገሩ ሁሉ መነሻ አለቃዬ ናቸው። አምና ለሦስት ወር ትምህርት ባሕር ማዶ ተልከው ነበር። እዚያ የተማሩት ሥራ እስካሁን በጽሕፈት ቤታችን አልታየም፤ ሲመለሱ ግን በአፋቸው ፒፓ፣ በሳሎናቸው ደግሞ የገና ዛፍ ተክለው አየናቸው። ዘንድሮ ኅዳር ሳያልቅ ሰብስበውን፣ “በሠለጠነው ዓለም ያለ ዛፍ ገና የለም” አሉን። እኛም “እውነት ነው ጌታዬ!” አልን። አያት ቅድመ አያቶቻችን እስከ ዛሬ ያለ ዛፍ ያከበሩት ታዲያ ምን ኖሯል? ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው ከመካከላችን አልተገኘም። በሳምንቱ የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ በሙሉ ጽድ ፈላጊ ሆነ። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ማለት ይህ ነው።

እኔ ግን ዛፍ የሚያስፈልገኝ ለአለቃዬ ብቻ አልነበረም። ጉዴን ልንገራችሁ።

ባለቤቴ ሌሊሴ የኡኬ ገጠር ልጅ ናት። አባቷ ኦቦ ጉደታ የተከበሩ ገበሬና የወንጌል አማኝ ናቸው። ልጃቸውን ስጠይቅ ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ልኬ ሦስቱንም ጊዜ ባዶ እጃቸውን መልሰዋቸዋል። “የቢሮ ሰው አልፈልግም” ነበር መልሳቸው፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም። በመጨረሻ ሌሊሴ ራሷ ጓዟን ይዛ መጣችና ተጋባን። አባትዬው ግን ይኸው ሦስት ዓመት ሙሉ ደጃችንን አልረገጡም። ሌሊሴ ገበያ ስትወጣ የኡኬ ሰው ካገኘች “አባኮ ደኅና ነው?” ብላ ስለ አባቷ ትጠይቅና ዓይኗ ቀልቶ ትመለሳለች። እኔም አይቼ እንዳላየ እሆናለሁ። ምን ልበል? በእኔ የመጣ ነው።

ታዲያ በታኅሣሥ አጋማሽ አንድ የቅቤ ነጋዴ በራችንን አንኳኳና “ኦቦ ጉደታ ለገና እመጣለሁ ብለዋል” አለ። ሌሊሴ የያዘችውን ወንፊት እንደያዘች መሬት ላይ ቁጭ አለች። ከዚያ በኋላማ ቤታችን ቤት መሆኑ ቀረ! ግድግዳው ኖራ ተቀባ፣ በግ ተገዛ፣ ለአባቷ የሚሆን ጋቢ ተፈተለ፣ ተሸመነ። ሁሉም ሲሠራ እኔ ብቻ እጄን አጣጥፌ ስቀመጥ አፈርኩ። “ለእኚህ ሰው ምን ባደርግ ደስ ይላቸዋል?” ብዬ አሰብኩ። ማሰብ አልነበረብኝም።

አስተሳሰቤን ተከተሉኝ። ኦቦ ጉደታ ወንጌል አማኝ ናቸው። ወንጌል የሚሰብኩት ፈረንጆች ናቸው። ፈረንጆች ደግሞ ለገና በቤታቸው ዛፍ ያቆማሉ፤ አምና ደብዳቤ ላደርስ ሄጄ በአንዱ ሳሎን በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ ኦቦ ጉደታ ገብተው ዛፉን ሲያዩ “ለካ አማቼ የገባው ሰው ነው!” ብለው ያቅፉኛል። ይህን በራሴ ጭንቅላት፣ ያለ ማንም እርዳታ ደረስኩበት። በሬ ሆይ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ...

ጽዱን በጨለለቂ በኩል እንጨት ከሚያወርድ ሰው ገዛሁ። ማጌጫውን ፍለጋ የጉራጌው ነጋዴ አቶ ሸምሱ ሱቅ ሄድኩ። አቶ ሸምሱ የሌላቸው ነገር የለም፤ ከሌለም “ነገ ይገባል” ይላሉ።

“የሚያብረቀርቅ፣ የሚንጠለጠል ነገር እፈልጋለሁ” አልኳቸው።

ወደ ጓዳ ገብተው በክር የተሰካ ጨሌ በየቀለሙ ዘረገፉልኝ። ቀና ብለው በኀዘን አዩኝና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ “ለባለቤትዎ ነው? አይዞዎት... የቱን ቀለም ነው የሚወደው? ቀዩን ነው ነጩን?” አሉኝ።

“ማን ነው የሚወደው?”

“እሱ ነዋ” አሉና ዞር ብለው ተመለከቱ፣ የሚሰማ ሰው እንዳለ።

እኔ ምኑ ገብቶኝ! “ሁሉንም ይወዳል፣ ሁሉንም ይስጡኝ” አልኩ። አቶ ሸምሱ ሁሉንም የሚወድ ውቃቢ ገጥሟቸው አያውቅም መሰለኝ፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ ጠቀለሉልኝ። ዋጋም ቀነሱልኝ። ከአቶ ሸምሱ ዋጋ ሲቀነስልህ መጠርጠር ነበረብህ በሉኝ።

ዛፉን ማቆም ሌላ ፍዳ ነው። በላምባ ቆርቆሮ አፈር ሞልቼ ተከልኩትና ቀና ሳደርገው ጫፉ የአቡጀዲውን ኮርኒስ በሳው። እናንተ አዲስ አበባ የምትኖሩ፣ የአቡጀዲ ኮርኒስ በላዩ ስንት ዘመን ተሸክሞ እንደሚኖር አታውቁም። አቧራው፣ የአይጡ ኩስ፣ ጠፍቶ የነበረ አንድ ካልሲ... ሁሉም ግድግዳው ላይ በተሰቀለው በጃንሆይ ሥዕል ላይ ወረደ! እኔ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፤ ዛፉን ለቅቄ በኮቴ እጅጌ ሥዕሉን ስጠርግ፣ ዛፉ በጀርባዬ ላይ ወደቀ።

ሌሊሴ መጥታ ከሥሩ አወጣችኝ። ዛፉን መልሼ አቁሜ፣ ከጋቢው ፈትል የተረፈውን ባዘቶ በቅርንጫፎቹ ላይ ስበትን አይታ፣

“ይህ ደግሞ ምንድን ነው?” አለች።

“በረዶ ነው።”

“በረዶ? በእኛ አገር በረዶ ማሽላ ላይ ሲወርድ ሰው ያለቅሳል። አንተ ቤትህ ትሰቅለዋለህ?”

“በሠለጠነው ዓለም...”

“ጨሌውንስ? እኔ ይህን ያየሁት አያቴ አንገት ላይ ነው። አባኮ ይህን ነገር አይወድም፣ አውርደው!”

“ያ ሌላ፣ ይህ ሌላ! ይህ ዘመናዊ ነው” አልኳት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ እኔ ደግሞ ሞኝም ነኝ፣ ወረቀትም ይዤ ነው የምውለው። ሌሊሴ ፈረንጆቹ ራሳቸው ያደርጉታል ብዬ ስምልላት ወደ ማጀቷ ተመለሰች።

በዋዜማው ከሥራ ስመለስ ዛፌ ከላይ እስከ ታች ያብለጨልጫል! ቀርቤ ባሸተው... የተነጠረ ቅቤ! ጎረቤታችን እማማ አሰገደች ሞሰብ ሊዋሱ ገብተው ኖሯል። እማማ አሰገደች የሟች ወታደር ባለቤት፣ ጎጃሜ፣ ጾም የማይሽሩ ሴት ናቸው።

“እማማ፣ ምን አድርገው ነው?”

“ቀባኋት እንጂ ልጄ! ደረቅ አድባር በዓመት በዓል ይቆማል? ጨሌውን ስታስርላት ቅቤውን ረሳኸው። ደግ አደረግህ ብቻ፣ ሰፈሩም አድባር አልነበረውም።”

አስቡት እንግዲህ። እኔ ከአርባ ቀን በላይ ሽሮ ስበላ ከርሜ ለመግደፍ አንድ ሌሊት ሲቀረኝ፣ ዛፉ ቀድሞኝ ገደፈ! በጨርቅ ልጠርገው ጀመርኩና ቆም ብዬ አየሁት። የአለቃዬ ዛፍ እንኳ እንዲህ አያበራም። ተውኩት። አዎ፣ ተውኩት! አሁን ሳስበው የገዛ ጆሮዬን መሳብ ያምረኛል።

የገና ዕለት ጠዋት የበቅሎ ኮቴ ተሰማ። እኔ ሮጬ በየቅርንጫፉ ያሰርኩትን ጧፍ ለኮስኩ። ኦቦ ጉደታ ረጅም፣ ቀጭን፣ ፀጉራቸው የነጣ ሰው ናቸው፤ አንድ ቅል ማር በእጃቸው ይዘዋል። “አካም ቡልተኒ” ብለው እንደምን አደራችሁ አሉን በሩ ላይ ቆመው። ሌሊሴ ጉልበታቸው ላይ ወደቀች። እጃቸውን ራሷ ላይ አሳርፈው ቆዩ። ሦስት ዓመት ለአንዲት ሴት ልጅ ረጅም ነው።

ከዚያ ቀና ብለው ዛፉን አዩት። ቅቤው በጧፉ ሙቀት ቀልጦ ጠብ... ጠብ... ይላል። ማሩን ቀስ ብለው መሬት አስቀመጡ።

“ያ ነማ” አሉኝ። ‘አንተ ሰው’ እንደ ማለት ነው፤ ስሜን ጠርተውት አያውቁም። “እዚህ ቤት የታመመው ማን ነው?”

“ማንም አልታመመም፣ ኦቦ።”

“ታዲያ ይህ ጨሌ ለማን ነው? ቅቤውንስ ማን ቀባ?”

ልናገር ስል እማማ አሰገደች ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፍተው ከተፍ አሉ። እኛን አለፉና ለዛፉ እጅ ነሥተው፣ “እንኳን አደረሰሽ እናቴ!” አሉ። ከዚያ ዞረው እኛን እንኳን አደረሳችሁ አሉን፤ በተራችን ማለት ነው።

ኦቦ ጉደታ ዱላቸውን አነሡ። “በቅሎዬን አምጡልኝ።”

ሌሊሴ በሩ ላይ ቆመች። “አባኮ፣ እህል ሳይቀምሱ አይሄዱም! ሦስት ዓመት ጠብቄ...” ድምፅዋ ተቆረጠ። እሷ ስታለቅስ አቀርቅራ ነው፤ ያን ቀን ግን ቀና ብላ አለቀሰች፣ ወደ እኔ እያየች።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ እኔም ጮኽኩ። “ኦቦ! ለእርስዎ ብዬ ነው! እኔ አድባር አላውቅም! ፈረንጆቹ ናቸው!”

“ፈረንጆቹ ምን?”

“ፈረንጆቹ ለገና ቤታቸው ዛፍ ያቆማሉ። ይሸልሙታል። ሻማ ያበሩለታል።”

“ወንጌል የሚሰብከው ፈረንጅ?”

“አዎ።”

“ቤቱ ውስጥ?”

“ሳሎኑ ውስጥ! በዓይኔ አይቻለሁ።”

ሽማግሌው ተመልሰው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ዛፉን ብዙ ጊዜ አዩት። “አባቴ ቅቤ የሚቀባው አንድ ዋርካ ነበረ” አሉ። “ወንጌል ስቀበል አንድ ፈረንጅ ‘ዛፉን ሳትተው እኛ ዘንድ አትመጣም’ አለኝ። በዚህ እጄ ቆረጥኩት። ሁለት ቀን ፈጀብኝ፤ ሁለቱንም ቀን አልቅሻለሁ። አባቴ ከዚያ ወዲያ እስኪሞት አላናገረኝም።”

እማማ አሰገደች አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

“እሱ ግን... በሳሎኑ...” አሉ ኦቦ ጉደታ፤ ትከሻቸው መርገፍገፍ ጀመረ። ለቅሶ መስሎን ሌሊሴ ልትደግፋቸው ሮጠች። ሳቅ ኖሯል! “ዋቃዮ! አምላኬ!” እያሉ ጉልበታቸውን መቱ። “ያባቴ ዛፍ እኮ ሥር ነበረው! ጥላ ይሰጠን ነበር! እናንተ የተማራችሁ ሰዎች መጀመሪያ ቆርጣችሁ ነው እንዴ የምታመልኩት?”

ዕንባቸውን ጠርገው ሲያበቁ “መጥረቢያ አለህ?” አሉኝ። አምጥቼ ስሰጣቸው ግን እጃቸውን አልዘረጉም። “እኔ የኔን ቆርጫለሁ። ያንተን አንተ ቁረጥ።”

ዛፉን ደጅ አወጣሁት። የቢሮ ሰው መጥረቢያ ሲይዝ አይታችሁ ታውቃላችሁ? የመጀመሪያው ምት ቆርቆሮውን በሳ። ሁለተኛው መሬቱን። በሦስተኛው መነጽሬ ወልቆ ወደቀ። ኦቦ ጉደታ መጡና ከኋላዬ ቆመው እጄን ከነመጥረቢያው ያዙት። “እንዲህ አይደለም፣ ኢልመ ኮ” አሉ። ‘ልጄ’ ማለታቸው ነው! ሌሊሴ በመስኮት ሰምታለች፤ የሰማችው እኔ ከሰማሁት በላይ ነበር።

የበጉን ጎድን በዚያ ጽድ ጠበስነው። ቅቤ የጠጣ እንጨት እንዴት እንደሚነድ ልነግራችሁ አልችልም። እማማ አሰገደች መጀመሪያ ክፉኛ አዘኑ፤ ጎድኑን ሲቀምሱ ግን “እሷስ ብትሆን ለሰው መብል ስትል መቃጠሏ ጽድቅ ነው” ብለው አጽናኑን።

ከቀትር በኋላ አለቃዬ ፒፓቸውን ነክሰው፣ የሠራተኛውን ዛፍ በየቤቱ እየዞሩ ሲጎበኙ እኛ ቤት ደረሱ። ዞር ዞር ብለው አዩ። የቀረው የተበሳ ኮርኒስ ብቻ ነው።

“ዛፍህ የታል?”

“በላነው፣ ጌታዬ።”

ፊታቸው ተለዋወጠ። “በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ” አልኳቸውና ጎድን አቀረብኩላቸው። ፒፓውን ኪሳቸው ከተው ሦስት በሉ። ባሕር ማዶ እንዲህ ያለ ነገር እንደሌለ ያን ቀን ፊታቸው ላይ አነበብኩ።

ኦቦ ጉደታ አዲሱን ጋቢ ተከናንበው በቅሎ ላይ ሲወጡ ለፋሲካ እንደሚመለሱ ነገሩን። ከዚያ ወደ ሌሊሴ ጎንበስ ብለው በኦሮምኛ አንድ ነገር አሏት፤ የማልሰማ መስሏቸው ነው። “ሽማግሌዎቹ ‘የተማረ ነው፣ ዐዋቂ ነው’ እያሉ ሲያስፈራሩኝ ኖረው እኮ ነው። ሞኝ መሆኑን ቢነግሩኝ ኖሮ በመጀመሪያው ቀን እድርሽ ነበር።”