ለሞተር የተገዛ እጅ ማሳረፊያ

ሰው እጁን የሚያሳርፍበት ነገር ባገኘ ቁጥር ሌላ ጣጣ ይገዛል። ልብስ ማጠቢያ ማሽን መጣ፤ እጃችን አረፈና አፋችን ሥራ በዛበት። ለማማት አይደለም፤ ማሽኑ እኔም ቤት አለ።

ልጄ ደሳለኝ ሶዌቶ ውስጥ ስፓዛ የሚሏት ትንሽ የሰፈር ሱቅ አለችው፤ ዕቃ የሚያመላልሰው በሞተር ነው። በዚያ በኮሮና ሰሞን እህቱ ደርባን ወለደች። የመጀመሪያ ልጇን! እናቷ ያላረሰቻት ወላድ ምን ትባላለች? በሚኒባስ እንዳልሄድ፣ ሰው እንደ ሽንኩርት በጆንያ ታጭቆ ይሳሳላል። ስለዚህ ደሳለኝ በሞተር ላድርስሽ አለኝ። በዚህ ዕድሜሽ ትሉኝ ይሆናል። በበቅሎ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ ሞተር ቢያንስ አይራገጥም።

ችግሩ የደሳለኝ ቀኝ እጅ ነበር። ሞተር ነዳጅ የሚሰጠው እጀታውን ጠምዝዘው ሲይዙለት ነው፤ ከለቀቁት ይደክማል። ሶዌቶ ደርሶ ሲመለስ እንኳ አንጓው ይደነዝዝበታል፤ ደርባንማ የቀን መንገድ ነው። እጀታውን ባለበት የሚይዝ ነገር ይገዛ ተባለና ቤታችን ፓርላማ ሆነ። ጎረቤታችን ዶክተሩ ክሩዝ ኮንትሮል ካልሆነ ብሎ ድርቅ አለ፤ ፍጥነቱን ራሱ ይጠብቃል፣ ፍሬን ሲነኩት ይለቃል። ደሳለኝ በአውራ ጣት የሚጠብቀውን ተራ ብረት ወደደ፤ ሞተሩ አሮጌ ነው፣ ሽቦው ከተነካካ አይነሣም። እኔ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኩ።

"በቃህ ሲሉት የሚለቀው የቱ ነው?"

ሁለቱም ይለቃሉ፣ ብረቱን ግን በእጅ መመለስ ያስፈልጋል አለኝ ዶክተሩ። ሟቹ ባለቤቴም እንዲሁ ነበሩ፤ በእጅ ካልመለሷቸው አይመለሱም። ኖሬበታለሁ፤ ብረቱ ይገዛ አልኩ።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ደሳለኝ ብረቱን ሊሞክር ሮዘተንቪል ሰፈራችን ውስጥ እጀታውን አስሮ ቀስ እያለ ሲመጣ፣ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጋሽ ጡሚሶ አጥር ሥር ቆመው ሰላም አሉት። መጨባበጥ ቀርቶ እጅን ደረት ላይ አድርጎ ጎንበስ የሚባልበት ጊዜ ነው። ትልቅ ሰው ደግሞ በግራ እጅ ሰላም አይባል። ልጄ ጨዋ ነው፤ ቀኝ እጁን አንሥቶ ደረቱ ላይ አደረገ፣ ዐይኑን ሰብሮ አንገቱን ደፋ። ሞተሩ ግን አሳዳጊ የበደለው ነው፤ ሰላም ሳይል ቀጥ ብሎ ሄዶ የቲማቲም ጉሊት ውስጥ ገባ። ደግነቱ የተጎዳው ቲማቲሙ ብቻ ነው።

"ምነው ልጄ፣" አሉት ጋሽ ጡሚሶ ሲያነሡት፣ "ጭንቅላትህን ብትነቀንቅልኝ ይበቃኝ አልነበር?"

ብረቱ ይውለቅ ሲባል እንቢ አልኩ። ወላዷ እየጠበቀችኝ ነው። ደሳለኝን፣ "ሰላምታው ለእኔ ይሁን፤ አንተ ፊት ፊትህን እይ" አልኩት። ያገኘን ባለሞተር ሁሉ እጁን ያነሣል፤ እኔም ከኋላ ሆኜ ለሁለታችንም እጅ እየነሣሁ ደርባን ገባን።

ልጄ አፍና አፍንጫዋን ሸፍና በር ላይ ጠበቀችኝ። "እማዬ፣ ካንቺ ሌላ ማን አለኝ፤ ግን ከስንቱ ሰው ጋር ስትነካኪ እንደመጣሽ በምን አውቃለሁ" አለችኝ። ሕፃኑን በመስኮት አሳየችኝና ጋራዥ አስገባችኝ፤ የእኔና የደሳለኝ ፍራሽ ከሞተሩ ግራና ቀኝ ተነጥፏል። ከዚያ ወዲያ ያቺ አራስ ገንፎዋን አገንፍታ፣ ቅቤውን መሐሉ ላይ አድርጋ፣ ጋራዡ ደጃፍ ታስቀምጥልኝና ትሸሻለች። ገንፎው ቀጠን ይላል። አራስ ማስከፋት ነውር ነው ብዬ አንድ ቀን ሙሉ ዝም አልኩ።