ሆዱ ባዶ የሆነው አራት ቁጥር

ዕቃ ስንገዛ በእጃችን መመዘን እንወዳለን። አየር ጤና ካሉት ሱቆች አንዱ ደጃፍ ቆማችሁ ታዘቡ፦ ሰውየው ራዲዮኑን ከማስከፈቱ በፊት ከፍ ዝቅ ያደርገዋል። ከበድ ካለው «ይሄ ኦሪጅናል ነው» ይላል፤ ከቀለለው ፊቱን አኮሳትሮ መልሶ ያስቀምጠዋል። ድምፁን መስማት የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እኔም ከእናንተ የተለየሁ አይደለሁም፤ ባለፈው ወር ፍራሽ ስገዛ አንስቼ መዝኛለሁ፤ ለምን እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም። ይህ ጠባያችን ግን አንድ ጊዜ ሌባ አሰኝቶኛል።

ቤቴል ውስጥ በአንድ የሰፈር ቤተ መጻሕፍት ኮምፒውተር አስተምራለሁ። አሥራ ሁለት ኮምፒውተሮች አሉን፤ ሁሉም ሌላ ቦታ አገልግለው ደክሟቸው ወደኛ የመጡ ናቸው። በሽታቸው አንድ ዓይነት ነበር። ሃርድ ዲስካቸው፣ ማለትም የተጻፈው ሁሉ የሚቀመጥበት ክፍል፣ በየተራ ይሞታል፤ ሲሞትም የሰው ማመልከቻና የልደት ፎቶ ይዞ ነው። ስለዚህ አንድ ቅዳሜ ቁጭ ብዬ የሁሉንም ዲስክ ነቀልኩና ጓዳ ውስጥ አንድ ሰርቨር፣ ማለትም ሌሎቹን ሁሉ የሚያገለግል ኮምፒውተር፣ አቆምኩ፤ ሊኑክስ የሚባለውን ነፃ የኮምፒውተር ሥርዓትም ጫንኩበት። ከዚያ ወዲህ አሥራ ሁለቱ ሲበሩ በኔትወርክ ገመዳቸው ሰርቨሩን ይጠራሉ፤ እሱም የሚነሱበትን ፕሮግራም ያቀብላቸዋል። ስማችሁንና የይለፍ ቃላችሁን ስታስገቡ ደግሞ ፋይሎቻችሁን ከጓዳ ያመጣላችኋል። የትኛውም ወንበር ላይ ብትቀመጡ የራሳችሁ ገጽ ይከፈታል።

ለማንም አልተናገርኩም። ማንም ሳያውቀው የሚሠራ ሥራ ነው ጥሩ ሥራ የሚል ኩራት ነበረብኝ። የተነቀሉትን ዲስኮች በፌስታል ይዤ ስወጣ ዘበኛው «ምንድን ነው?» ቢለኝ «ባክህ ቆሻሻ ነው» ብዬው አለፍኩ። ይህቺን ፌስታል ያዙልኝ።

ከተማሪዎቼ አንዱ ጋሽ ደምሴ ናቸው። አየር ጤና በሚገኝ ጋራዥ አርባ ዓመት የጭነት መኪና ሞተር ሲፈቱ የኖሩ ሰው ናቸው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ፣ ሞተር ሳይከፈት ሕመሙ በድምፁ ብቻ እንዴት እንደሚታወቅ መጽሐፍ ይጽፋሉ፤ የሚተይቡትም በአንድ ጣት ነው። ጆሯቸው እየደከመ ነው። «ድምፁ ሳይጠፋኝ ልጨርሰው» ይላሉ። ሁልጊዜ የሚቀመጡት አራት ቁጥር ኮምፒውተር ላይ ነው፤ ጽሑፋቸውም አራት ቁጥር ውስጥ እንዳለ ያምናሉ።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት አራት ቁጥር አልነሳም አለ። የኔትወርክ ገመዱ ላልቶ ነው እንጂ ምንም አልሆነም፤ እኔ ግን በቦታው አልነበርኩም። ጋሽ ደምሴ ደግሞ የተበላሸ ነገር ፊት እጃቸውን አጣጥፈው የሚቀመጡ ሰው አይደሉም። ከኪሳቸው ካቻቪቴ አወጡና ክዳኑን ፈቱት። በመጀመሪያው ትምህርት አንድ የሞተ ዲስክ በእጄ ይዤ «የምትጽፉት ሁሉ እዚህ ውስጥ ነው» ያልኳቸው እኔው ነኝ። ዲስኩ የሚቀመጥበት ቦታ ባዶ ነበር። አምስት ቁጥርን ፈቱ፤ ባዶ። ስድስትን ፈቱ፤ እሱም ባዶ። ዘበኛው ፌስታሏን አስታወሰ።

ከሰዓት በኋላ ስደርስ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ወይዘሮ የሺ ሁለት ሽማግሌዎች አስቀምጠው ጠበቁኝ። ፖሊስ አልጠሩም፤ ነውራችን በሰፈር ይለቅ ብለው ነው። በጋሽ ደምሴ ፊት ላይ ቁጣ አልነበረም።

«ልጄ፣ ዲስኩን ሽጠኸው ከሆነ ሽጠኸዋል። ጽሑፌን ግን ከሸጥክለት ሰው አስመልስልኝ።»

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ሌባ መባሉ ሳይሆን ልመናቸው አመመኝ።

ዘጠኝ ቁጥር ላይ አስቀመጥኳቸውና ስማቸውን እንዲያስገቡ ነገርኳቸው። የጽሑፋቸው ስልሳ አንዱም ገጽ ተከፈተ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጎንበስ ብለው ከጠረጴዛው ሥር አዩ። ስለ ሰርቨሩ ማስረዳት ስጀምር ጋሽ ደምሴ እጃቸውን አነሱ።

«ገባኝ። ታንኩ አንድ፣ መኪናው አሥራ ሁለት።»

ስንት ዓመት ሳስተምር እንዲህ አሳጥሬ ተናግሬ አላውቅም። ወደ ጓዳ ገብተው ሰርቨሩን በመዳፋቸው ዳበሱት፤ ጆሯቸውንም ለጠፉበት።

«ያንኳኳል» አሉ።

በዚያ ጆሮ! ፈገግ አልኩ።

«ስኮርታ ጎማውስ የታለ?»

«የምን ጎማ?»

«ይሄ ሲፈነዳ የምትቀይርበት ነዋ! የዚህ ሁሉ ጽሑፍ ሌላ ቅጂ የታለ?»

ሌላ ቅጂ አልነበረም። «በሚቀጥለው ሳምንት አዘጋጃለሁ» አልኩ። ሽማግሌዎቹ አሳሳሙን፤ መረቁን። ይቅርታ ሲጠይቁኝም የተበደለ ሰው ፊት አሳይቼ ተቀበልኩ።

«የሚቀጥለው ሳምንት» እኛ ዘንድ ምን ያህል እንደሚረዝም ታውቃላችሁ። ክረምት ገብቶ ወጣበት። መስከረም ላይ አንድ ጠዋት አሥራ ሁለቱም ኮምፒውተሮች አንድ ላይ እምቢ አሉ። ጓዳ ስገባ የሰርቨሩ ዲስክ ሞቷል። የሁሉም ሰው ጽሑፍ አብሮት ሄደ።

ሽማግሌ ይጠሩብኛል ብዬ ቁጭ አልኩ። ማንም አልተጠራም። ወይዘሮ የሺ «የማሽን ነገር ነው፣ አይዞህ» አሉኝ። ዘበኛው እንኳ ሻይ ጋበዘኝ። ንጹሕ ሳለሁ ችሎት የቆምኩት ሰውዬ፣ ባጠፋሁ ጊዜ አጽናኝ በዛልኝ።

ጋሽ ደምሴ ሐሙስ መጡ። ሽማግሌ ከተቀመጠበት ከዚያ ማክሰኞ ጀምሮ፣ የጻፉትን ሁሉ ከስክሪኑ ላይ እያዩ በደብተር ሲገለብጡ ከርመዋል። ደብተሩን ፊቴ አስቀመጡና «ተይብ» አሉኝ። ሁለት ወር እሳቸው እያነበቡ እኔ ተየብኩ። አሁን ሁለት ቅጂ አለ፤ አንዱ እኔው ቤት ነው።

ገና ያልጻፉት የመጨረሻው ምዕራፍ ብቻ ነበር፤ ሊሰበር የተቃረበ ነገር እንዴት እንደሚያንኳኳ የሚናገረው። ትናንት እዚያ ደረስን። እስክሪብቶ አነሱ፤ መልሰው አስቀመጡት። ጆሯቸው አሁን ጭራሽ ከድቷቸዋል፤ እየጮኽኩ ነው የማናግራቸው።

«ጠፋኝ» አሉ በመጨረሻ። «የዚያ የጓዳ ሣጥንህ ድምፅ ግን ልክ እንደሱ ነበር። አንተ ጎኔ ቆመህ የለ? እንዴት ነበር ያለው?»

አልሰማሁትም ነበር።