ክቡር ሪያድና የሚያንሾካሹከው ዘፋኝ

ዘፈን የሚወድ ሰው ችግር የለውም። መከራው የወደደውን ዘፈን ሳያካፍል ማደር የማይችል ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ከተማ የለም። ለከሚሴ የደረሳት ክቡር ሪያድ ነው፤ ጎረቤቴ፣ የጨፋን ከብት ሲከትብ የሚውል የእንስሳት ሐኪም።

ሪያድ የሚወደው ሹጌዝ የሚባለውን የሮክ ዓይነት ነው። ጊታሮቹ እንደ ጉም ይደራረባሉ፣ ዘፋኙ ከጉሙ ውስጥ ያንሾካሹካል። ስሙ የወጣለት ተጫዋቾቹ መድረክ ላይ ጫማቸውን እያዩ ስለሚቆሙ መሆኑን ሲነግረኝ፣ "እኛም መስጊድ በር ላይ እናያለን፣ እንዳይቀየርብን" አልኩት። አልሳቀም። በዚህ ጉዳይ አይሳቅም።

መንገድ ላይ ካገኘህ "አካም ጂርታ?" ብሎ በኦሮምኛ ሰላም ይልና መልስህን ሳይጠብቅ አንዱን ማዳመጫ ጆሮህ ውስጥ ይከታል። ሁለተኛውን ራሱ ሰክቶ ፊትህን ያጠናል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ይሄኔ ነው። ቅንድቤን ቶሎ ካነሳሁ ማስመሰሌን ያውቃል፤ ካላነሳሁ ያዝናል። "ታገስ፣ ገና አልገባም" ይላል፣ አራተኛው ደቂቃ ላይ ሆነን።

አንድ ቀን ጨፋ ሮቢት ገበያ በሬ ሲመረምር ማዳመጫውን ለበሬው ባለቤት ሰካላቸው። ሽማግሌው ጥቂት ታግሠው፣ "ልጄ፣ የታመመው በሬው ነው፤ እኔ ደህና ነኝ" አሉት። በእህቴ በፋይዛ ሰርግ ደግሞ ስልኩን ከድምፅ ማጉያው ጋር አገናኘና ሙሽራው ጄኔሬተሩ የተቃጠለ መስሎት በሩጫ ወጣ።

ባለፈው ሚያዝያ እናቴ ሀዲጃ የሐሞት ጠጠር ተገኝቶባት ለኦፕራሲዮን ሆስፒታል አስገባናት። ሐሞቷ ሳይፈነዳ ይውጣ ተብሎ ነበር፤ ግን በቀጠሮዋ ጠዋት ደም ግፊቷ አሻቀበ። "ካልወረደ ዛሬ አንነካትም" አለ ሐኪሙ፣ የግፊት መድኃኒት ሰጥቷት። እናቴ ጣሪያውን እያየች "ያ ረቢ፣ ከገባሁ አልወጣም" ትላለች። እኔ ከእሷ ብሼ እጇን አጥብቄ ይዣለሁ።

ይሄኔ ሪያድ ቦቲ ጫማውን ከነጭቃው እንዳደረገ ገባ። ማዳመጫውን ሲያወጣ አየሁት።

"ሪያድ፣ በአላህ ይዤሃለሁ፣ ዛሬ እንኳ ተው!"

"አብሽር" አለኝና አንዱን በእናቴ ጆሮ ሰካ።

እናቴ ፊቷን አጨማድዳ አዳመጠች። "ልጄ፣ ይሄ ሰውዬ አሞታል እንዴ? ድምፁ አይወጣም እኮ።"

"አይ እማ ሀዲጃ፣ አዘፋፈኑ ነው።"

"ኧረ አሞታል! እኔን! ጠያቂስ አለው?" ሁለት እጇን ዘርግታ ዱዓ ጀመረች። አላህ አፊያውን እንዲሰጠው፣ ደረቱን እንዲከፍትለት፣ ለእናቱ እንዲያቆየው ለመነችለት። የራሷን ሕመም ረሳችው። ነርሷ ሚስራ መጥታ ግፊቷን እንደገና ለካች፣ መለኪያውን ነካ ነካ አደረገችና ሐኪሙን ጠራች። መድኃኒቱ ይሁን ዱዓው አላህ ይወቅ፣ ግፊቷ ወርዷል።

ኦፕራሲዮን ክፍል ይዘዋት ገቡ። እኔና ሪያድ ኮሪደሩ ላይ ተቀመጥን። ሳያስፈቅደኝ ማዳመጫውን ሰካልኝ፤ አልተቃወምኩም። በዚያ ሁሉ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቴን አላየም፤ ዓይኑ ከበሩ አልተነቀለም። ፍርሃቴ በዚያ ጉም ተሸፈነ፤ የሚያንሾካሹከው ሰውዬም አብሮን በር የሚጠብቅ መሰለኝ።

ከብዙ ቆይታ በኋላ በሩ ሲከፈት ሁለታችንም ብድግ አልን። ገመዱ ተወጠረ፣ ስልኩ ሲሚንቶው ላይ ወደቀ።

"በሰላም ወጥታለች" አለ ሐኪሙ።

"አልሐምዱሊላህ!" ብዬ ዞር ስል ክቡር ሪያድ ግድግዳ ተደግፎ እንደ ሕፃን ያለቅሳል። የተሰነጠቀውን ስልክ አንስቼ ሰጠሁት። ዓይኑን በእጅጌው ጠረገና፣

"ዘፈኑን ጨረስከው ግን?" አለኝ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን "ግሩም ነው" ብዬ በዋሸሁት ነበር።

"አልጨረስኩትም" አልኩት። "ከመጀመሪያው አስጀምረው።"