ባሕር ሳልሻገር የተለቀሰልኝ ቀን

ዛሬ የሆንኩትን ከሰማችሁ በኋላ አንፎሎው የምታደርጉኝ ይመስለኛል። ቢሆንም ከሌላ ሰው ከምትሰሙት እኔው ልንገራችሁ።

ቱርክ ባሕር ላይ የዘረጋችውን ያንን አዲስ ድልድይ አይታችሁታል አይደል? ወዲህ እስያ፣ ወዲያ አውሮፓ፣ ከሥሩ መርከቡ ሲተላለፍ። በሁለቱ ማማዎች መሀል ያለው ርዝመት ከዓለም አንደኛ ነው አሉ። ዩቲዩብ ላይ አየሁትና ፍቅር ያዘኝ። ወላሂ፣ ሰው በድልድይ ፍቅር ይያዛል?

እኔ ተያዝኩ።

ጠዋት ፎቶዬን በአፕ ቆርጬ ድልድዩ ላይ አቆምኩት። ጃኬት ለብሼ! በካርቱም ሙቀት ጃኬት! ላቤ እየተንጠባጠበ ነው የተነሳሁት። ከላዩ "ከእስያ ወደ አውሮፓ በእግሬ" ብዬ ፖስት።

ላይኩ ጎረፈ። እኔም ኮራ ብዬ ሹሩባ ልሠራ ወጣሁ። ካህረባው፣ ማለት መብራቱ፣ ጠፍቶ ስለነበር ስልኬ ባትሪ ጨርሶ ቤት ቀረ።

ጉዱ እዚህ ጋ ነው።

እናቴ ሪያድ ሰው ቤት ነው የምትሠራው፣ የሳዑዲው ሳይሆን እዚሁ ካርቱም ያለው ሰፈር፤ እዚያው እያደረች አርብ አርብ ብቻ ወደ ሰፈራችን ሳጃና ትመጣለች። እኔ ከአክስቴ ጋር ነኝ። ፎቶዬን አንዲት ጓደኛዋ ላከችላት። ደወለችልኝ፣ ዝግ ነው። አክስቴ ጋ ደወለች፣ "እኔ ሥራ ላይ ነኝ፣ ከጠዋት ወዲህ አላየኋትም" አለቻት።

በቃ።

እናንተ ሳቁ። እኛ ቤት ግን ስልክ ሲዘጋ አይሳቅም። የእናቴ ታናሽ ወንድም ሳይሰናበት በሊቢያ በኩል ወጥቶ፣ ከባሕሩ ዳር "ነገ እደውላለሁ" እንዳለ ቀርቷል። እዚህ ያለ ሐበሻ "ልጅቷ ስልኳ ዝግ ነው" ሲባል ወዴት ሄደች ብሎ አይጠይቅም፤ ገብቶታል።

ይህን እያወቅኩ ነው የለጠፍኩት። እንደ እኔ ካለች ልጅ ይሰውራችሁ።

ግማሽ ራሴ ተሠርቶ፣ ግማሹ እንደ እብድ ቆሞ ሳለ የሹሩባ ቤቱ በር ላይ ባለ ሦስት እግር ረክሻ ቆመች። እናቴ ወረደች። ሽርጧን እንዳሰረች፣ አንድ እጇ ላይ የዕቃ ማጠቢያ ጓንት። ማን እንዳሻገረኝ ሰፈሩን ልትጠይቅ ነበር አመጣጧ፤ በተከፈተው በር አየችኝ።

ጥፊ ጠበቅኩ። እሷ ግን ራሴን ዳሰሰችው። የተሠራውንም፣ ያልተሠራውንም።

"አለሽ?"

"አለሁ እማዬ።"

"ባሕሩስ?"

"የአፕ ነው።"

ሙሉ የምትባለው ሹሩባ ሠሪዬ ዝም አትልም። "ተሻግራማ ነበር እትዬ፣ እዚያ ሹሩባ ሲወደድባት ተመለሰች እንጂ።"

ቤቱ በሙሉ ሳቀብኝ። የረክሻው ሰውዬ ሳይቀር አንገቱን አስግጎ "አልሐምዱሊላህ" እያለ ዓይኑን ጠረገ። ለካ ከሪያድ ጀምሮ አብሮ ሲያለቅስ ነው የመጣው! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

እማዬ አጠገቤ ተቀመጠች። ማዳሟ ስትደውል "ልጄን አገኘኋት" ብላ ዘጋችው። ከዚያ በዚያ ጓንት እጄን ያዘችኝ፤ እኔም አውልቂው አላልኳትም።

"ድልድዩስ? እሱም ውሸት ነው?"

"እሱ እውነት ነው። መኪና ያልፍበታል።"

"ባሕሩን ሳይነኩ?"

"ሳይነኩ።"

"ለወንድሜም እንዲህ ያለ ቢሠሩለት ኖሮ" አለች።

የሙሉ እጅ ፀጉሬ ላይ ቆመ። ማንም አልሳቀም።

ቤት ስገባ ስልኬን ቻርጅ አደረግኩ። አንዱ ኮሜንት ላይ "እዚያ ድልድይ ላይ እኮ በእግር አይኬድም" ብሎ አርሞኛል። ጎበዝ፣ የት ነበርክ?

ፎቶውን አጠፋሁት። "ሳጃና ነኝ፣ የትም አልሄድኩም" ብዬ ጻፍኩ። እስካሁን ላይክ ያደረገ አንድ ሰው ነው፤ እናቴ። ደጋግማ ስለምትነካው የላይኩ ልብ ይመጣል፣ ይጠፋል፣ ይመጣል።

እስቲ ንገሩኝ፣ ለፌመስ ሰው አንድ ላይክ ይበቃዋል? እኔን ግን ዛሬ በቃኝ።