እጁን የኋሊት የሚያጣምረው ጓደኛዬ

በየአገሩ የዕፅዋት መናፈሻ ውስጥ ሲሠራ የኖረ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ አንድ ጓደኛ አለኝ፤ ዘነበ ይባላል። «መንካት ክልክል ነው» እያለ የሰው አገር አበባ ሲጠብቅ ኖሮ፣ ዛሬ አርባ ምንጭ ውስጥ የሙዝ ቅጠል ባየ ቁጥር እጁን የኋሊት ያጣምራል።

ባለፈው ካምባ እናቱ ዘንድ አብረን ሄድን። ጓሮ ገብቶ፣ እጁን የኋሊት አጣምሮ እንሰቱን ይዞር ጀመር። እናቱ ደንግጠው ወደ እኔ ጠጋ አሉ።

«ልጄን በሰው አገር አስረውት ነበር እንዴ?»



መልሴን አልጠበቁም። ለእንሰቱ ሥር ያዘጋጁትን እርጥብ እበት በሁለት እጃቸው ዘገኑና፣ «እንካ ልጄ፣ እንሰትህን አብላ» አሉት።

ዘነበ ዙሪያውን ቃኘ፤ የሚከለክለው ሰው የሚፈልግ ይመስላል። ከዚያ ሁለት እጁን ዘረጋ።

እበቱን ተቀበለ። እናቱ ግን እጁን አልለቀቁትም።