የወይራ ገደል የመጀመሪያው ጎብኚ

ከሐይቅ ዳርቻ ተነሥቶ የአምባሰልን ሸንተረር እየታከከ እስከ ግሸን ግርጌ የሚዘልቀው የእግር መንገድ የተገኘው በለውጡ ማግስት፣ በአንድ ስብሰባ ላይ፣ ከሻይ ዕረፍት በኋላ ነው። ከዚያ በፊት የግሸን ተሳላሚው፣ ገበያተኛው፣ ለዱኣ ወደ ሼህ ቤት የሚወጣው ሁሉ ዕድሜ ልኩን ሲመላለስበት ኖሯል። ይሁን እንጂ ከእነዚህ ሁሉ አንድም ሰው ቃለ ጉባኤ ስላልያዘ፣ መንገዱ መኖሩ በመንግሥት ደረጃ አይታወቅም ነበር።

ይህን ታላቅ ግኝት ያበረከተው ባድሩ ነው። ባድሩ የአንድ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ነበር፤ የጽሕፈት ቤቱ ስም ተጠርቶ እስኪያልቅ ትንፋሽ ያሳጥራል፤ ጎብኚውም፣ ደኑም፣ የዱር አራዊቱም በእሱ እጅ ናቸው። የተወለደው መንገዱ ከሚያልፍበት ከወይራ ገደል መንደር ሲሆን፣ እናቱ እማማ መስኡዳ ዛሬም እዚያው ናቸው። እሱ ግን ኃላፊ ከሆነ ወዲህ በእግሩ የሚሄደው ከመኪናው እስከ ቢሮው በር ነው፤ እሱም ሾፌሩ ከደጃፉ ማቆሚያ ካጣ።

«የረጅም ርቀት የእግር ጉዞ የሠለጠነ ሰው መለያ ነው» አለ በዚያ ስብሰባ፣ ከወንበሩ ሳይነሣ። «ጎብኚው እየተራመደ ተፈጥሮን ያደንቃል፣ ኅብረተሰቡ ተጠቃሚ ይሆናል፣ ደኑም ይጠበቃል።»

ከበላይ መሥሪያ ቤት የመጡት አቶ አስረስ ከመነጽራቸው በላይ አዩት።

«መስመሩን ሄዳችሁበታል?»

«በጥናት ደረጃ ሄደንበታል።»

«ምን ያህል ጊዜ ፈጀ?»

«ግማሽ ቀን። የሻይ ዕረፍቱን ጨምሮ።»

አቶ አስረስ በፍጥነቱ ተደነቁ።

ይጠበቃል የተባለው ደን ከመንደሩ በላይ ያለው የወይራና የጥድ ደን ነው። ጉሬዛው ከላይ ይዘላል፣ ድኩላው ከሥር ይሸሸጋል። በዙሪያው ያለው ተራራ ሁሉ ተመልጦ ይህ ብቻ የተረፈው ቅሬው ስለሚጠብቀው ነበር። ቅሬ ማለት በዚያ አገር ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ ሆኖ ሬሳ የሚያነሣበት ማኅበር ነው። ከዚያ ደን እርጥብ እንጨት የሚቆረጠው ለመቃብር ብቻ ነው፤ ለሌላ ጉዳይ የቆረጠ ከቅሬ ይወጣል። ከቅሬ ለወጣ ሰው ደግሞ እሳት የሚሰጠው፣ ውሃ የሚያቀምሰው፣ ለቅሶ የሚደርሰው የለም።

ባድሩ ይህን አሠራር መርምሮ «ባህላዊ፣ ያልተቀናጀና በሰሌዳ ያልተደገፈ» ሆኖ አገኘው። ስለዚህ ሰሌዳ አዘዘ።

«ዛፍ መቁረጥ በጥብቅ የተከለከለ ነው» የሚል ሰሌዳ ቋሚ ያስፈልገዋል፤ ቋሚው ከወይራው ተቆረጠ። መግቢያው ላይ በር ያስፈልጋል፤ ከጥዱ ተቆረጠ። ለምረቃው መድረክ፣ ለመድረኩ አጥር፣ ለአጥሩ ማገር ተቆረጠ። ጎብኚው አረፍ ብሎ ደኑን የሚያይባቸው ወንበሮችም ተሠሩ። ያማሩ ወንበሮች ነበሩ፤ ብቻ ከፊታቸው የነበረው ደን ወንበር ሆኖ አልቋል። ጉሬዛዎቹም ሳይማከሩ እንደ ቀሩ ሽማግሌዎች አኩርፈው ወደ ማዶ ተሻገሩ።

የቅሬው ዳኛ ሼህ ሀሚዱ ዱላቸውን ይዘው ሐይቅ ከተማ ቢሮው ድረስ ወረዱ።

«ባድሩ፣ ልጄ፣ ምነው? ደኑን ጨረስከው እኮ!»

«እየጠበቅነው ነው፣ ሼህ።»

«ከማን?»

«ከሚቆርጡት።»

«ካንተ ሌላ ማን ቆረጠ?»

«ይህ የግንዛቤ ክፍተት ነው» አላቸው ባድሩ በትዕግሥት። «በሥልጠና ይሞላል።»

ሼሁ ዱላቸውን ወለሉ ላይ መቱ። «እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ ከቅሬው ወጥተሃል። ወላሂ ደስ ብሎኝ አይደለም፤ ሕጉ ላንተም ለኔም አንድ ነው። የቆረጥከውን መልሰህ ትተክላለህ። በእግርህ እየወጣህ፣ በገዛ ትከሻህ ውሃ ተሸክመህ ታጠጣለህ። እስኪጸድቅ ድረስ እናትህም ልጄ አይሉህ፣ እኛም ወንድማችን አንልህ።»

ባድሩ ፈገግ አለ። «ቅሬ የቀብር ጉዳይ ነው፣ ሼህ። እኔ በዚህ በጀት ዓመት ለመሞት የያዝኩት ዕቅድ የለም።»

በዚህ አነጋገሩ ቢሮው ሲስቅ ሰነበተ። ባድሩም አብሮ ሳቀ። በየገበያው ቀን እናቱ የሚልኩለት እርጎ ግን ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ቀረ። ላሟ ነጥፋ ይሆናል ብሎ ራሱን አጽናና።

ቃሉን አክባሪ ነውና ሥልጠናውን ሰጠ። ርእሱ «ዘመናዊ የእንግዳ አቀባበል» ሲሆን፣ ሠልጣኞቹ እንግዳ ሲመጣባቸው አልጋቸውን ለቀው መሬት የሚተኙት የወይራ ገደል ሰዎች ነበሩ። ከቅሬ የወጣን ሰው ለሰላምታም አይቀርቡትም፤ ነገር ግን መንግሥት ጠርቶ አይቀርምና መጥተው ከኋላ ወንበሮች ላይ ተደረደሩ።

«እንግዳ ሲመጣ ፈገግ በሉ» አላቸው። «እርስዎ በሉት። ስሙንና የመጣበትን አገር ጠይቁት።»

ታረቀኝ የሚባል ገበሬ እጁን አወጣ። «ስሙን የምንጠይቀው ውሃ ከሰጠነው በኋላ ነው ወይስ በፊት?»

«በፊት» አለ ባድሩ። «መረጃ ይቀድማል።»

ታረቀኝ ራሱን ነቀነቀ። እንዲህ ያለ ነገር በዕድሜው ሰምቶ አያውቅም ነበርና በደንብ ያዘው።

በምረቃው ቀን መኪናው በሐይቁ ዳርቻ ተኮልኩሎ፣ በአምባሰል ቅኝት ተዘፍኖ፣ አቶ አስረስ ሪባኑን ቆረጡ። በዚያ ሥራ ከተቆረጠው ሁሉ ያለ ጥፋት የተቆረጠው እሱ ብቻ ነው። ክቡራን እንግዶቹ ከሪባኑ ወዲያ ጥቂት ተራምደው ፎቶ ተነሡና የረጅም ርቀቱን ጉዞ ለማጠናቀቅ በመኪና ወደ ምሳ ሄዱ። አቅጣጫ ጠቋሚ ሰሌዳዎቹንም ከመኪና ሳይወርዱ ነው ያነበቧቸው። አንገታቸውን ማጣመም እንዳይኖርባቸው ሁሉም ሰሌዳ ፊቱን ወደ አስፋልቱ አድርጎ ተተክሎ ነበር።

መንገዱ ጎብኚውን ሲጠብቅ ጦርነቱ ቀድሞ መጣ።

መጀመሪያ ወሬው ደረሰ፣ ከዚያ ከወልድያ በኩል የሚሸሸው ሕዝብ፣ ከዚያ የመድፉ ድምፅ። ጽሕፈት ቤቱ በአስቸኳይ ተሰብስቦ የንብረት አሸሺ ኮሚቴ አቋቋመ። ባድሩ በማግስቱ ጠዋት ቢሮ ሲደርስ ኮሚቴው ኃላፊነቱን በብቃት ተወጥቷል፤ መኪናዋ የኃላፊውን ሶፋ ጭና ወደ ደሴ ሄዳለች። ኃላፊው ግን ንብረት ስላልሆነ ቀርቷል።

ረፋዱ ላይ ተኩሱ ከአስፋልቱ መሰማት ጀመረ። ባድሩ ግራ ቀኙን ቢያይ ያልተዘጋ መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ ራሱ ያገኘው። በሙሉ ልብሱና በሹል ጫማው ወደ ተራራው ወጣ።

መንገዱ ለሁለት ከሚከፈልበት ሲደርስ ሰሌዳ አይቶ አልሐምዱሊላህ አለ። ለእግረኛ የሚታየው ግን የሰሌዳው ጀርባ ነው። ዞሮ እንዳያነበው ፊቱ ተኩስ ወዳለበት ወደ አስፋልቱ ነው። ስለዚህ የመንገዱ ፈልሳፊ መንገድ ጠፋበት። አንዴ ገደል አፋፍ፣ አንዴ ጥሻ ውስጥ፣ ከየሰሌዳው ጀርባ ጀርባ ሲንከራተት ዋለ። ጫማው ከሶሉ ተላቆ፣ ምላሱ ከላንቃው ተጣብቆ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ወይራ ገደል ደረሰ።

መንደሩ ጭር ብሏል። ባድሩ ከጎብኚ ወንበሮቹ አንዱ ላይ ዘፍ ሲል ከተረፈው ደን ውስጥ ድምፅ መጣ።

«እንግዳው! ከዚያ ይነሡ! ዛፍ የለውም፣ ከሩቅ ይታያሉ!»

ታረቀኝ ነው። የመንደሩ ሰው ሁሉ ከነልጁ ከዛፎቹ ሥር ተሸሽጓል። ታረቀኝ ባድሩን ወደ ጥላው ስቦ አስገባውና ጥርሱን ሁሉ አሳይቶ ፈገግ አለለት።

«እንኳን ደህና መጡ። ስምዎን ማን ልበል?»

«ባድሩ ነኝ እኮ፣ ታረቀኝ! ውሃ ስጠኝ!»

«አገርዎ የት ነው?»

«እዚሁ ነዋ! ወይራ ገደል!»

«እዚህስ እንዲህ ያለ ሰው አናውቅም» አለ ታረቀኝ ፈገግታውን ሳይቀንስ። «ትንሽ ይታገሡኝ፣ መረጃ ይቀድማል።»

«ከሐይቅ ከተማ ነኝ» አለ ባድሩ ተሸንፎ። ያን ጊዜ ውሃ በቅል ቀረበለት፤ እስኪበቃው ጠጣ።

ሰዎቹ እየቀለዱበት አልነበረም። ከቅሬ ለወጣ ሰው ውሃ መስጠት በሕጋቸው ክልክል ነው፤ እንግዳን ውሃ መንሣት ደግሞ ሐራምም ነውርም ነው። ከሩቅ ሲያዩት ጊዜ ተመካክረው፣ ሕጋቸውን ሳያፈርሱ ባድሩን የሚያተርፉበት አንድ ዘዴ ብቻ አገኙ። እንግዳ አደረጉት።

«መርሐባ፣ ይግቡ» አሉ ሼህ ሀሚዱ፤ ጋቢያቸውን አንጥፈው አስቀመጡት። «ደናችን በዚያ በኩል የበለጠ ያምር ነበር። እርስዎ እንግዳ ስለሆኑ አላዩትም።»

ከዚያ እናቱ መጡ። ቆሎ በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ለትልቅ ሰው እንደሚቀርብ አንገታቸውን ሰበር አድርገው።

«እማ!» ብሎ ሊነሣ ሲል፣

«አይነሡ፣ ይቀመጡ» አሉት። «መንገዱ አድክሞዎታል፣ ይብሉ።»

«እማ፣ እኔ ነኝ!»

«አብሽሩ። አላህ እናትዎ ካሉበት አገር በሰላም ያግባዎት» አሉና ድምፃቸው መሀል ላይ ተሰበረ። ቆሎውን ሲያስረክቡት ጣታቸው ጣቱ ላይ ትንሽ ቆየ። ባድሩ ያን ቆሎ እየበላ እንደ ሕፃን አለቀሰ። እማማ መስኡዳም ፊታቸውን ወደ ጥዱ አዙረው አለቀሱ፤ ለእንግዳ አይለቀስምና።

ጦርነቱ አለፈ። ባድሩ ወደ ቢሮው ወረደ፤ ሶፋውም ከስደት በክብር ተመለሰ። ብዙም ሳይቆይ ግምገማ ተጠራና አቶ አስረስ ከመድረኩ መሀል ተቀመጡ።

«በረጅም ርቀት መስመራችሁ ስንት ጎብኚ ተስተናገደ?»

«አንድ» አለ ባድሩ።

«በእግሩ?»

«በእግሩ።»

«መልካም ጅምር ነው! የአቀባበል ሥልጠናውስ ፍሬ አፈራ?»

ባድሩ ማስታወሻውን ዘጋ። «አፍርቷል። ፈገግ ብለውለታል፣ ስሙን ጠይቀውታል፣ እርስዎ ብለውታል። የወለዱት እናቱ እንኳ እንደ እንግዳ ነው የተቀበሉት።»

«ይህ ነው የአመለካከት ለውጥ ማለት!» አሉ አቶ አስረስ፤ አዳራሹ አጨበጨበ። «ተሞክሮው መስፋት አለበት። ለመታሰቢያው እዚያው መንደር አንድ ግዙፍ ሰሌዳ ይተከል። እንጨቱ ከደኑ ይቆረጥ።»

«አይቆረጥም!» አለ ባድሩ ብድግ ብሎ።

አቶ አስረስ በትዕግሥት ተመለከቱት። «የግንዛቤ ክፍተት ነው» አሉ። «በሥልጠና ይሞላል።»

ባድሩ ጥሎ ወጣ። ሾፌሩ የመኪናዋን በር ከፍቶ ሲጠብቀው፣ ጠዋት የጫነውን ጀሪካንና የወይራ ችግኞች ከኋላ ወንበር አወረደና በሩን መልሶ ዘጋው። እግሩ ላይ በረባሶ አድርጓል። እናቱ አርጅተዋል፤ ወይራ ደግሞ ለመጽደቅ አይቸኩልም። ልጄ ሳይሉት ቢሞቱ ሬሳቸውን የሚሸኘው ከእንግዶች ጋር ቆሞ መሆኑን ያውቃልና፣ ጀሪካኑን በትከሻው አድርጎ ዳገቱን ተያያዘው።

አቶ አስረስ በመስኮት አዩት። «አያችሁ የእግር ጉዞ ባህላችን ሲዳብር!» አሉ ለተሰብሳቢው። «በሉ፣ መኪናዋም ሥራ አትፍታ።»

ባድሩ የዳገቱ ወገብ ላይ ሲደርስ መኪናዋ በእግር መንገዱ ላይ እየተንገጫገጨች ከኋላው መጣች። መጥረቢያ የያዙ ሰዎች ተጭነውባታል። ሾፌሩ ሰው አክባሪ ነበርና አጠገቡ ሲደርስ ፍጥነቱን ቀንሶ ብቅ አለ።

«ይግቡ እንጂ ጌታዬ» አለው። «የምንሄደው እኮ አንድ ቦታ ነው።»